ብቻዬን ልሂድ? የመንገደኞች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት አንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ብቻን መጓዝ። የሚመሳሰሉትን ጨፍልቄ በየተራ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ጉዞ ማቀድ ከጀመርን ቆየን። አንዷ ፈቃድ ስታገኝ ሌላዋ ብር የላትም። ብቻዬን ልሂድ እልና ብቸኝነቱን እፈራለሁ። ሰው አገር ሄጄ ቢከፋኝስ?

መልስ፦ ሊከፋሽ ይችላል፤ አልዋሽሽም። በተለይ የመጀመሪያው ምሽት ይከብዳል። ዕቃሽን አስቀምጠሽ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ስትይ «ምን ልሠራ ነው የመጣሁት?» ማለትሽ አይቀርም።

ዝነኛው ሞሮኳዊ ተጓዥ ኢብን ባቱታም አልቀረለትም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ ናቸው) በ1325 ከታንጀር ብቻውን ሲነሳ ዕድሜው 21 ነበር። መንገድ ላይ ከተቀላቀላቸው መንገደኞች ጋር ቱኒስ ሲደርስ የከተማው ሰው ወጥቶ መንገደኞቹን እየተቀበለ ሰላም ይላል። እሱን የሚያውቀው ስላልነበረ ዞር ብሎ ያየው የለም። አለቀሰ። ይህን የነገረን ራሱ ነው። ከመንገደኞቹ አንዱ ሁኔታው ገብቶት ቀረብ አለና ሰላም ብሎ አጫወተው። ያ ባይተዋር ወጣት ከቱኒስ የወጣው የሐጅ ተጓዦቹ ዳኛ ሆኖ ነው። አገሩ የተመለሰው ደግሞ ከ24 ዓመት በኋላ።

ልብ በይ፤ ሰውዬው የቀረበው ብቻውን ስላየው ነው። ከአራት ጓደኞቹ ጋር ቆሞ እየሳቀ ቢሆን ማን ያስታውሰው ነበር? በ2014 የታተመ የኒኮላስ ኤፕሊና የጁሊያና ሽሮደር ጥናትም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ቺካጎ ውስጥ በባቡር የሚመላለሱ ሰዎች አጠገባቸው ከተቀመጠ የማያውቁት ሰው ጋር ማውራት ዝም ከማለት የባሰ እንደሚሆንባቸው ገምተው ነበር። እንዲያወሩ የተደረጉት ግን መንገዱ የበለጠ ደስ ብሏቸው ነው የጨረሱት።

ደግሞ እኔን ከጠየቅሽኝ ትልቁ ትርፍ ሰው መተዋወቁም አይደለም፤ ውሳኔው ነው። በቡድን ስንሄድ ከጠዋት እስከ ማታ የምንደራደር መሆናችንን አናስተውለውም። ስንት ሰዓት እንነሳ? የት እንብላ? አሁን እንሂድ ወይስ ትንሽ እንቆይ? ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይተውና ማንም ያልመረጠው ቀን ይወጣል። ብቻሽን ስትሆኚ ግን የምትወጂው ነገር ራሱ ይወጣል። «ሙዚየም ነፍሴ ነው» ሲል የኖረ ሰው በሃያ ደቂቃ ጨርሶ ይወጣና ወደብ ላይ ጀልባ ሲያይ ይውላል። ባቡር ሲያመልጥሽም የምትወቅሺው፣ የምታባብዪው የለም። ቁጭ ብለሽ ሌላ መላ ትፈልጊያለሽ፤ ታገኚዋለሽም። እንዲህ ያለች ነገር ሁለት ሦስቴ ከገጠመችሽ በኋላ የመጀመሪያው ምሽት ሴትዮ አይደለሽም።

በአጭር ጀምሪ። ሁለት ሌሊት፣ ቅርብ ቦታ። ካላማረሽ ትመለሻለሽ።

ጥያቄ፦ መዞሩስ ግድ የለኝም። ምግብ ቤት ብቻዬን መቀመጥ ነው የሚያሳፍረኝ። ሁሉም ሰው የሚያየኝ ይመስለኛል።

መልስ፦ አያይህም ወዳጄ። በ2000 የታተመ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። ተማሪዎች የሚያሳፍር ፎቶ ያለበት ቲሸርት ለብሰው ሰው ወደሞላበት ክፍል እንዲገቡ ተደረገ። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ግማሽ ያህሉ ፎቶውን ያስተዋሉ መስሏቸው ነበር። ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ነው። አንተ ደግሞ ቲሸርቱ እንኳ የለህም፤ ምግብ ብቻ ነው ያዘዝከው።

ከጨነቀህ በምሳ ጀምር፤ ምሳ ላይ ብቻውን የሚበላ ብዙ ነው። በመስኮት በኩል ተቀመጥ። ስልክህንም ቢያንስ ምግቡ እስኪመጣ ኪስህ ውስጥ ተወው።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ሆኜ ለምንድን ነው የሁለት ሰው ክፍል ዋጋ የምከፍለው?

መልስ፦ ሆቴሎች ብዙውን ጊዜ ዋጋ የሚያወጡት በክፍል ስለሆነ ነው። የጉብኝት ጥቅሎችም ሁለት ሰው ክፍል ይጋራል ብለው ያሰላሉ፤ ብቻህን ስትሆን ልዩነቱን አንተ ላይ ይጥሉታል። ማረፊያ ቤቶች (ሆስቴሎች) በአልጋ ያስከፍላሉ። ሰው ከሚበዛበት ወቅት ውጪ ደግሞ መደራደር ይቻላል።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ። ቤተሰቤ «አደጋ ነው» ይሉኛል። ያጋንናሉ ወይስ እውነታቸውን ነው?

መልስ፦ ሁለቱም። አደጋ የለም የሚልሽን አትስሚ። አትሂጂ የሚልሽንም እንደዚያው።

አዲስ ከተማ በቀን ብርሃን ድረሺ፤ ለዚህ ስትይ የበረራ ሰዓት ብትቀይሪ እንኳ አይቆጭም። የመጀመሪያውን ሌሊት ማረፊያ ቀድመሽ ያዢ። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ስልክሽ ላይ አውርጂ። መንገድ ዳር ቆሞ ስልክ ላይ መፍጠጥ እንግዳነትሽን ያሳብቃል። ያረፍሽበትን ቦታ እዚያው እያለሽ ፌስቡክ ላይ አትለጥፊ፤ ከወጣሽ በኋላ ይደርሳል። እንግዳ ተቀባዩ የክፍልሽን ቁጥር ጮክ ብሎ ከተናገረ ሌላ ክፍል ይሰጠኝ በይ። የፓስፖርትሽን ቅጂ ከዋናው ለይተሽ ያዢ። 112 በብዙ አገሮች ከሞባይል ሲደወል ከድንገተኛ አገልግሎት ጋር ያገናኛል፤ ቢሆንም የምትሄጂበትን አገር ቁጥር ቀድመሽ መዝግቢ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ሰውን ላለማስከፋት ብለን ነው ደስ ባላለን ቦታ የምንቆየው። አንድ ሰው ካላማረሽ ምክንያት መስጠት የለብሽም። ተነሺና ሂጂ። ቢቀየምም መቼም ዳግም አታገኚውም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ለአንድ ሳምንት ብቻዋን መጓዝ እፈልጋለሁ አለችኝ። እኔ ምን አድርጌያት ነው?

መልስ፦ ምናልባት ምንም። ጠይቃት፤ ግን እንደ መርማሪ አይሁን። የቤቱን ጉዳይ ሁሉ የምታስታውሰው እሷ ከሆነች፣ ለሰባት ቀን ከራሷ በቀር ማንንም አለማስታወስ ትልቅ እረፍት ነው። ከአንተ ለመሸሽ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ አይነግርህም። ይልቅ አንድ ነገር ቃል ግባ፤ «ማንኪያዎቹ የት ናቸው?» ብለህ በቀን አምስቴ አትደውልላትም።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ሄጄ ተመለስኩ። ሰዎች «ራሴን አገኘሁ» ይላሉ። እኔ ያገኘሁት የእግር ሕመም ነው። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ ምንም አልጎደለህም። «ራሴን አገኘሁ» የሚለው ወሬ ራሱ ከልክ በላይ የተጋነነ ይመስለኛል። ደስታው እጥፍ የሚሆነው አጠገቡ ላለ ሰው «አየህ?» ሲል የሆነ ሰው አለ፤ አንተ ከነሱ ልትሆን ትችላለህ። ይህንን ማወቅህም ቢሆን ቀላል አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ አብሮህ የሚሄድ ፈልግ፤ ጠዋት ጠዋት ግን ለየብቻ ዙሩ። ጫማም ቀይር።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ 66 ዓመቴ ነው። ልጆቼ «በዚህ ዕድሜ ብቻህን?» እያሉ ይስቁብኛል። አልዘገየሁም?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ቺቸስተር በነሐሴ 1966 በመርከብ ብቻውን ዓለምን ሊዞር ከፕሊመዝ ሲነሳ 64 ዓመቱ ነበር። ሲድኒ ላይ አንዴ ብቻ አርፎ በግንቦት 1967 ተመለሰ። እርስዎ ውቅያኖስ ያቋርጡ እያልኩ አይደለም።

ከመነሳትዎ በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ። የጉዞ ኢንሹራንስ ሲገዙ የቆየ ሕመም ካለብዎ ይናገሩ፤ የደበቁት ሕመም ካሳ ሊያስከለክልዎ ይችላል። መድኃኒትዎን ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ይያዙ፤ ሻንጣ ይጠፋል። አንድ ከተማ ላይ ረጋ ብለው ይቆዩ እንጂ በየቀኑ አይዛወሩ። ለልጆችዎ የሆቴሉን አድራሻና የመመለሻ ቀንዎን ይስጧቸው። ፈቃድ ግን አይጠይቋቸው።