ከደንገጎ ቁልቁል ሪከርድ ለመሞከር ለጠየቀው ልጅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «በስኖውቦርድ በሰዓት ከ200 ኪሎሜትር በላይ የሄዱ ሰዎች አሉ። እኛ በረዶ የለንም፣ ደንገጎ ግን አለን። በሳይክል ከደንገጎ ወርጄ የድሬን የፍጥነት ሪከርድ መያዝ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ነው ያልከው። ከስር «አቦ ዝም ብለህ ልቀቀው» ያሉህ አሉ፣ «አብደሃል ወይ» ያሉህም አሉ። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ነገሩን ከሁለት በኩል ስለማውቀው ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ተራራ መንገድ በሳይክል ስወርድ ወድቄ ተሰብሬያለሁ። በኋላ ደግሞ ፈረንሳይ አገር ተራራ ላይ አራት የበረዶ ወቅት ሠርቼ፣ ስኖውቦርድ በሚባለው የበረዶ ጣውላ ላይ ቆሜ ፍጥነቴን አስለክቻለሁ።

መጀመሪያ የወደቅሁበትን ልንገርህ። ጊዜው 1986 ዓ.ም. ነው፣ 17 ዓመቴ ነበር። ድሬ ውስጥ ከዚራ ሰፈር ያደግሁ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ያኔ ድሬ ላይ ልጁም ሽማግሌውም በሳይክል ነበር የሚሄደው፤ ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ጥላም አላት። ባቡሩ ወደ ሐረር ያንን ተራራ መውጣት ስለከበደው አይደል እዚህ ግርጌው ላይ በ1902 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረችው? እኛም ተራራውን ከታች እያየን ነው ያደግነው፤ አንድ ቀን ከላይ እስከ ታች መልቀቅ የሁላችንም ምኞት ነበር። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ሳይክላችንን አይሱዙ ላይ ጭነን ወጣን።

ደንገጎ አፋፉ ላይ ስትቆም ብርድ ነው፤ ድሬ ከታች በሙቀት ጭጋግ ውስጥ ተኝታ ትታያለች። ከወደ 2,000 ሜትር ወደ 1,200 ሜትር ነው የምትወርደው። የእኔ ሳይክል ፊኒክስ ነበረች። በየመታጠፊያው ፍሬን ስይዝ፣ ስይዝ፣ የላስቲኩ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሽታው ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም። ቸርኬው ግሎ ኖሮ የፊት ካላማዳሪው ፈነዳ። ከኋላዬ ደግሞ የጫት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ይመጣል። ወደ ቦዩ ገብቼ ወደቅሁ፤ የትከሻዬ አጥንት ተሰበረ፣ ክርኔ ላይ ያለው ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ። መኪናው ሳይነካኝ አለፈ። በዚያች ሰዓት ቦዩ ባይኖር ኖሮ ይህን አልጽፍልህም ነበር።

ሌላም ያሳዘነኝ ነገር አለ። አንዱ ጓደኛዬ 80 ሄደሃል አለኝ፣ ሌላው 100። ለካ ስንት እንደሄድኩ የሚያውቅ ማንም አልነበረም። አጥንቴን ሰብሬ ቁጥር እንኳን አላገኘሁበትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ፈረንሳይ ስሄድ፣ ከአባቴ የወረስኩት ፈረንሳይኛ ጠቅሞኝ አንድ የበረዶ መንሸራተቻ ተራራ ላይ ሥራ አገኘሁ። ሥራዬ መረብ መትከል፣ ገመድ መዘርጋት፣ በረዶውን ማስተካከል ነበር። የፍጥነት ልምምድ ሲኖር ገና ሳይነጋ እንወጣለን፤ በረዶው በሌሊት ብርድ ጠንክሮ ሳለ ነው የሚፈለገው፣ ፀሐይ ካለሰለሰው ይይዛል። እዚያ ያየሁት ነገር አስተሳሰቤን ለወጠው። እኔ የመሰለኝ ኃላፊው መጀመሪያ ጫፍ ላይ ወጥቶ ቁልቁለቱን የሚያይ ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ የሚሄደው ከታች፣ ተንሸራታቾቹ ወርደው የሚቆሙበት ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ላይ አንድ ጉብታ ካገኘ ቀኑን ሙሉ ማንም አይወርድም። ከዚያ ፍጥነቱ የሚለካበትን የ100 ሜትር ርቀት ያያል፤ መነሻው የሚወሰነው በመጨረሻ ነው። መነሻውም በአንድ ጊዜ ጫፍ ላይ አይደረግም፤ በመጀመሪያው ዙር ዝቅ ይላል፣ ሁሉም በደህና ከወረዱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ እንደገና ከፍ ይላል።

እኔም በአንደኛው ቀን፣ ሠራተኞቹ እንዲሞክሩ ሲፈቀድ፣ ከዝቅተኛው መነሻ ወረድኩ። 97 ኪሎሜትር በሰዓት አስመዘገብኩ። ስኪ ላይ፣ ማለትም በየእግሩ በታሰረ ረጅም ጣውላ ላይ ያለ ሰው ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ፣ ሁለት እግሩን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው። ስኖውቦርድ ላይ ግን ሁለቱም እግርህ አንድ ጣውላ ላይ ታስሯል፤ በጎንህ ነው የምትሄደው፣ አንገትህን አዙረህ ነው የምታየው። ጣውላውን ጠፍጣፋ ካደረግኸው ይፈጥናል፣ ግን ይዋልላል፤ በአንዱ ጠርዝ ትንሽ ካዘነበልከው ይረጋል፣ ግን ፍጥነትህን ይበላል። ጠርዙ በተሳሳተ በኩል በረዶውን ከነከሰ ደግሞ ወዲያው ይጥልሃል። ከዚያ ቀን በኋላ ጭኔ ለሦስት ቀን ሲንቀጠቀጥ ነበር። ከ200 በላይ የሄዱትን ሰዎች የማከብረው ስለዚህ ነው።

አንተ የጠቀስከው ሪከርድ ታሪኩ እንዲህ ነው። አውስትራሊያዊው ዳረን ፓወል በ1999 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳይ ሌዛርክ ላይ በስኖውቦርድ 201.907 ኪሎሜትር በሰዓት ሄደ። ይህን ለማለፍ 16 ዓመት ፈጀ፤ ፈረንሳዊው ኤድሞንድ ፕላውቺክ በ2015 ቫርስ በሚባለው ተራራ ላይ 203.275 አስመዘገበ። ልዩነቱን በሴኮንድ ቁጠረው እስቲ። ፓወል 100 ሜትሩን በ1.783 ሴኮንድ አለፈው፣ ፕላውቺክ በ1.771። የ16 ዓመት ልፋት 0.012 ሴኮንድ ነው! በስኪ ደግሞ ሲሞን ቢሊ በ2023 እዚያው ቫርስ ላይ 255.5 ደርሷል፤ አባቱ ፊሊፕም በ1997 ሪከርዱን ይዞ ነበር። በስኪና በስኖውቦርድ መካከል ያለው የ50 ኪሎሜትር ልዩነት በአብዛኛው የአየር ጉዳይ ነው። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። በጎን የቆመ ሰው እንደ ስኪው ተጠቅልሎ መግባት ይከብደዋል፣ አየሩ ብዙ የሚይዘው አካል አለው። ለአንተም ያው ነው፤ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ከቁልቁለቱ ይልቅ አጎነባበስህ ነው የሚጨምርልህ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ እባክህ ይህቺን ረጋ ብለህ አንብባት። በ1992 የክረምት ኦሎምፒክ ላይ የፍጥነት ስኪ ለማሳያ ቀርቦ ነበር፣ እዚያው ሌዛርክ። የመጨረሻው ውድድር ዕለት ጠዋት ስዊዘርላንዳዊው ኒኮላስ ቦሻቴ ሞተ። የሞተው ከ200 በላይ በሚሄድበት በዚያ አስፈሪ ቁልቁለት ላይ አልነበረም። ሰውነቱን ሊያሟሙቅ ሁሉም ሰው በሚጠቀምበት ተራ መንሸራተቻ ላይ ሲወርድ በረዶ ከሚያስተካክል መኪና ጋር ተጋጭቶ ነው። የተዘጋው፣ የተጠረገው፣ መረብ የተተከለለት ቁልቁለት አልጎዳውም። የገደለው ሌላ ሰውና ሌላ መኪና የሚገባበት ቦታ ነው።

የደንገጎ መንገድ እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ሚኒባሱ አለ፣ ከባዱ መኪና አለ፣ ከአወዳይ ጫት ጭኖ ሰዓት የሚያሳድደው አለ፤ ፍየልና ግመል የሚነዳ እረኛ አለ። መታጠፊያው ማዶውን አያሳይህም። ከፍ ያለ ፍጥነት የሚያስገኝ ረጅም ቀጥታም የለውም፤ ፍሬን እየያዝክ፣ ቸርኬ እያጋልክ ነው የምትወርደው። ስለዚህ ለሪከርድ ደንገጎን ተወው። ለልምምድ በዝግታ ውጣው ውረደው፣ ጉልበት ይሰጥሃል። ግን እዚያ ላይ ቁጥር አትፈልግ።

የምትፈልገው አንድ ቀጥ ያለ፣ ከላይ እስከ ታች ባንድ ዕይታ የሚታይ አጭር ቁልቁለት ነው። ተሠርቶ ገና ለመኪና ያልተከፈተ አስፋልት ካለ እሱ ይሻላል። ካልሆነ ግን ለቀበሌውና ለትራፊክ ፖሊስ ደብዳቤ ጽፈህ እሁድ በማለዳ ለአንድ ሰዓት እንዲዘጋልህ ጠይቅ። ሦስት ሽማግሌ ይዘህ ሂድ፤ ብቻህን ከሄድክ የልጅ ጨዋታ ይመስላቸዋል። ማለዳ የምልህ ለፀሐዩ ብቻ አይደለም፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ ከኋላ የገፋህ ነፋስ ያመጣውን ቁጥር ማንም አያከብርልህም።

ቦታውን ስታገኝ ከታች ጀምር። በሰዓት 72 ኪሎሜትር ስትሄድ በሴኮንድ 20 ሜትር ነው የምትሄደው፤ አንዴ ዞር ብለህ ስታይ 20 ሜትር አልፏል። ስለዚህ ከመለኪያው በኋላ ቢያንስ 150 ሜትር፣ ቢቻል ሜዳ ሆኖ ወይ ትንሽ ዳገት ያለበት ማቆሚያ ከሌለ ቦታውን ተወው፣ ሌላ ፈልግ። ከዚያ መንገዱን በመጥረጊያ ጥረግ። የድሬን አሸዋ ታውቀዋለህ፤ ጎርፍና ነፋስ አምጥቶ አስፋልቱ ላይ ያለብሰዋል፣ ጎማ ስር ሲገባ እንደ ጠጠር ኳስ ይንከባለላል። እኔ ፈረንሳይ ላይ በረዶ ሳስተካክል የነበረው ለዚሁ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ከመለኪያው 20 ሜትር ብቻ ከፍ ብለህ ተነስ። ሳይክሉ ከረጋ ሌላ 20 ሜትር ጨምር። መሪው መንቀጥቀጥ ከጀመረ በዚያ ቀን መነሻውን ከፍ አታድርግ። መንቀጥቀጡ መሀል መንገድ ላይ ከያዘህ መሪውን አንቀህ አትያዝ፤ የሳይክሉን አካል በሁለት ጉልበትህ ጨምቀው፣ ከዚያ ቀስ አድርገህ የኋላውን ፍሬን ያዝ።

ልኬቱን በተመለከተ፣ ስልክ ላይ የሚወጣውን «ከፍተኛ ፍጥነት» ለሪከርድ አትጠቀምበት፤ በገደል አጠገብ ቁጥሩ ይዘላል። የእጅ ሰዓትም አይበቃም። 100 ሜትሩን በ5 ሴኮንድ ስታልፍ 72 ነህ፤ ሰዓት ያዡ በ0.2 ሴኮንድ ከተሳሳተ 75 ያደርግሃል። ለዚህ ነው እነሱ በብርሃን ጨረር የሚለኩት። እኛ የምንችለው የተሻለ ዘዴ ይኸውልህ፦ 50 ሜትር በሜትር ለክተህ በሁለቱም ጫፍ መንገዱን አቋርጦ በጀሶ መስመር አስምር፣ ከዚያ ከጎን ራቅ ብሎ ሁለቱንም መስመር የሚያሳይ ስልክ በድጋፍ አቁም። የፊት ጎማው መስመሩን ከነካበት እስከ ሁለተኛው ድረስ ያሉትን ምስሎች ቁጠር። በሴኮንድ 60 ምስል የሚያነሳ ስልክ ከሆነ፣ 72 ስትሄድ 150 ምስል ታገኛለህ፤ በአንድ ምስል ብትሳሳት ስህተቱ ግማሽ ኪሎሜትር አይሞላም። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሳይክሉን ዓይነት፣ ነፋሱን ጻፍ፤ ሦስት ሰው ይፈርም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ በዚያው መስመር ሊያልፍህ ይችላል፣ ያኔ እውነተኛ የድሬ ሪከርድ ይሆናል።

ሁለት ሰው ጨርቅ ይዞ ከላይና ከታች ይቁም። የታችኛው ጨርቁን ካላነሳ አትነሳም፤ ምንም ቢሆን።

ስለ ሳይክሉ አንድ ነገር ልጨምር። ፈረንሳዊው ኤሪክ ባሮን በ2002 ኒካራጓ ውስጥ ሴሮ ኔግሮ ከሚባል እሳተ ገሞራ በሳይክል ሲወርድ 172 ከደረሰ በኋላ ሳይክሉ ተሰብሮበት ክፉኛ ወደቀ። ያ ሰው ግን ተመልሶ በ2017፣ በ56 ዓመቱ፣ ቫርስ በረዶ ላይ በሳይክል 227.720 ሄደ። ወድቆ መመለስ እንደሚቻል እሱ ምስክር ነው፣ እኔም በአቅሜ። አንተም «በረዶ የለንም» ብለህ አንገትህን አትድፋ፤ ሮቤል ተክለማርያም ከበረዶ አልባ አገር ተነስቶ በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ቫንኩቨር ኦሎምፒክ ላይ ባንዲራችንን ይዞ በስኪ ተወዳድሯል።

አሁን የምፈልግብህ ይህ ነው። የሳይክልህን የፊት ሹካ በተለይ ብየዳው ያለበትን ቦታ በቀን ብርሃን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍ፤ ስንጥቅ ካለው ሌላ እንፈልግልሃለን። ኮፐርቶኒዎቹ ስንት ዓመታቸው እንደሆነም ጻፍ። ፊትን የሚሸፍን የሞተር ሄልሜት እኔ ጋ አለ፣ የራስህን ዙሪያ በሴንቲሜትር ለክተህ ንገረኝ። ቦታ ለማየት የሚመቸኝ እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ሜትሩንና ጀሶውን እኔ አመጣለሁ፣ መጥረጊያው ያንተ ነው።