ምስጋናው ለማን ይድረስ?

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ በሚታተም አንድ መጽሔት ላይ ስለ ፊልም እጽፋለሁ። ድርሻዬ የሕንድ ፊልም ነው፤ በተለይ ሙምባይ ላይ በሂንዲ የሚሠራው። ኮከቦቹን እንደ ባለውለታዎቼ ነው የማያቸው። ስለዚህም ራጅ ካፑርን፣ ናርጊስን፣ ዲሊፕ ኩማርንና አሚታብ ባቻንን የሚያመሰግን ረዘም ያለ ጽሑፍ ለአዘጋጄ ሰጠሁ። “ይሄ የአድናቂ ደብዳቤ ነው፤ ጋዜጠኛዋ የት አለች?” የሚል ማስታወሻ ተጽፎበት ተመለሰልኝ። እንዲያዩልኝ አንዱን ዓረፍተ ነገር ልጥቀስ፦ “ራጅ ካፑር ‘አዋራ ሁን’ን ሲያንጎራጉር የድሆችን ሁሉ ልብ ይዞ ሄደ፤ ውለታው አይከፈልም።”

ሌላም ነገር አለ። አንድ የፊልም አስተዋዋቂ ድርጅት ዱባይ ሄጄ አንድ ታዋቂ ተዋናይ እንዳነጋግር ጋብዞኛል። ጉዞውና ማረፊያው በእነሱ ወጪ ነው፤ ጥያቄዎቼን ግን አስቀድሜ እንድልክ ይፈልጋሉ። ከዚህ ሌላ፣ አንድ ኮከብ አረፈ በተባለ ቁጥር የኀዘን ጽሑፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ አድርሺ እባላለሁ፤ ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት ሳላውቅ መቸኮሉ ያስጨንቀኛል።

ከልብ እያመሰገንኩ ጋዜጠኛ ሆኜ መቅረት የምችለው እንዴት ነው?

አክባሪዎ፣
የሕንድ ፊልም ጸሐፊዋ

---

ውድ እህቴ፤

አዘጋጅሽ ምስጋናሽን የተቃወመ አይመስለኝም። የጎደለው አድራሻው ነው፤ ማን ምን ስለሠራ እንደምታመሰግኚ ጽሑፉ አይናገርም። የጠቀስሽልኝን ዓረፍተ ነገር እንየው።

“አዋራ” በተባለው ፊልም ውስጥ ያለውን “አዋራ ሁን” የሚለውን ዘፈን ራጅ ካፑር አልዘፈነውም። ድምፁ የሙኬሽ፣ ግጥሙ የሻይሌንድራ፣ ዜማው የሻንካርና የጃይኪሻን ነው። የፊልሙን ስክሪፕት የጻፈው ክዋጃ አህመድ አባስ ሲሆን ካሜራው የራዱ ካርማካር ነበር። (ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) ራጅ ካፑር በ1951 በወጣው በዚያ ፊልም ላይ ፕሮዲዩሰር፣ ዳይሬክተርና ዋና ተዋናይ ነበር፤ ዳኛውን የራሱ አባት ፕሪትቪራጅ፣ ልጅነቱን ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ሻሺ ነው የተጫወቱት። ይህን ካወቅሽ በኋላ እንዲህ ብለሽ መጻፍ ትችያለሽ፦ “ለ‘አዋራ ሁን’ ሻይሌንድራ ቃሉን፣ ሻንካርና ጃይኪሻን ዜማውን፣ ሙኬሽ ድምፁን ሰጡ፤ ራጅ ካፑር አረማመዱንና ፊቱን ሰጠ፣ ዳይሬክተር ሆኖም ሁሉን አገናኘ።” ምስጋናው አልቀነሰም። የራጅ ካፑር ድርሻ እንዲያውም አሁን ነው የታየው፤ በፊት የሙኬሽን ድምፅ እሱ ላይ ጭነሽ የራሱን ሥራ ሸፍነሽው ነበር።

የሂንዲ ፊልም ሥራው የተከፋፈለበት ፊልም ነው፤ ለሚጽፍ ሰው ዋናው ፈተናም ይኸው ነው። ከ1935 ወዲህ ዘፈኑ አስቀድሞ ይቀረጽና ተዋናዩ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጫወተዋል፤ ፕሌይባክ የሚሉት ይህን ነው። ታሪክ፣ ስክሪፕትና ምልልስም ለየብቻ ስም ይሰጣቸዋል። በ1960 የወጣው “ሙጋል ኤ አዛም” ለምልልሱ ብቻ አራት ጸሐፊዎች አሉት፦ አማን፣ ካማል አምሮሂ፣ ዋጃሃት ሚርዛና ኤህሳን ሪዝቪ። እኛ በካሴት ልባስ ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ብለን የምንለየውን እነሱም ይለያሉ፤ ቅንብሩ ግን ብዙ ጊዜ “የሙዚቃ ረዳት” በሚል ስም ሥር ስለሚደበቅ ፈልገሽ ማግኘት አለብሽ።

ስለዚህ አንድ ፊልም ላይ ምስጋና ከመጻፍሽ በፊት እንዲህ አድርጊ። ፊልሙን መጀመሪያ ምንም ሳትጽፊ እስከ መጨረሻው እዪው። ሁለተኛ ጊዜ ስታዪው የመክፈቻ ጽሑፉን እያቆምሽ ስሞቹን በሙሉ ገልብጪ። በብዙዎቹ የቆዩ ፊልሞች ርዕሱ በዴቫናጋሪ (ሂንዲ በሚጻፍበት ፊደል)፣ በኡርዱና በላቲን ፊደል ሲጻፍ የሠራተኞቹ ስም በላቲን ስለሚወጣ ሂንዲ ማንበብ ባትችዪም ይሆናል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ መስመር ያዢ፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ዘፋኝ፣ ከንፈሩን ያንቀሳቀሰው ተዋናይ፣ ዳንሱን ያሠለጠነው፣ ዘፈኑ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚጀምር። አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለትና ሦስት ዘፋኞች ሊኖሩ ስለሚችሉ “ዘፋኝ” የሚለው ዓምድ ሰፊ ይሁን። በየበይነ መረቡ የሚዞሩት ቅጂዎች መክፈቻቸው ወይም አንድ ሁለት ዘፈን የተቆረጠባቸው ስለሆኑ የትኛውን ቅጂ እንዳየሽም ማስታወሻ ያዢ። “ሙጋል ኤ አዛም” በ2004 ሙሉ በሙሉ ቀለም ተቀብቶ በድጋሚ ወጥቷል፤ “ሾሌ” ደግሞ በ1975 ለሕዝብ የታየው ሳንሱር መጨረሻውን ካስቀየረው በኋላ ነው። የትኛውን እንዳየሽ ካልተናገርሽ አንባቢሽ ስለ ሌላ ፊልም የምታወሪ ሊመስለው ይችላል።

ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ስምን በወጉ መስጠት በሙምባይ ፊልም ውስጥ ራሱ ትግል የጠየቀ ነገር ስለሆነ ነው። በ1949 “ማሃል” የተባለው ፊልም ሲወጣ ተዋናይቷ ማዱባላ የተጫወተችውን ዘፈን የዘፈነችው ላታ ማንጌሽካር ነበረች። ሸክላው ላይ የተጻፈው ግን “ካሚኒ” የሚለው የገጸ ባሕሪዋ ስም ነው። ዘፈኑ በሬዲዮ ሲሰማ አድማጮች ዘፋኟ ማን ናት እያሉ ስለጻፉ ነው ስሟ የታወቀው። የሂንዲ ፊልም ሽልማት የሆነው ፊልምፌር በ1954 ሲጀመር ለሙዚቃ ያዘጋጀው ዘርፍ የዜማ ደራሲውን ብቻ የሚመለከት ነበር፤ ዘፋኞች የራሳቸውን ዘርፍ ያገኙት በ1959 ነው፣ ያውም ላታ ያለ ዘርፉ በመድረኩ አልዘፍንም ካለች በኋላ። ዳንስ አሠልጣኞች ደግሞ እስከ 1989 ጠበቁ። “ኤክ ዶ ቲን” በተባለው ዘፈን ላይ ተዋናይቷን ማዱሪ ዲክሲትን ያሠለጠነችው ሳሮጅ ካን ናት የመጀመሪያዋ ተሸላሚ። ስለ ማዱሪ ጽፈሽ ሳሮጅን ካላነሳሽ የምስጋናሽን ግማሽ አላደረስሽም።

ጸሐፊዎቹም እንዲሁ ነበሩ። አሚታብ ባቻን ዛሬ የምናውቀውን የቁጡ ወጣት መልክ የያዘው በ1973 በወጣው “ዛንጂር” ነው። ያንን ገጸ ባሕሪ የፈጠሩት ሳሊም ካንና ጃቬድ አክታር ሲሆኑ ስማቸው ፖስተሩ ላይ አልነበረም። ሠዓሊ ቀጥረው በቦምቤይ (በዛሬዋ ሙምባይ) በተለጠፉት ፖስተሮች ላይ “ጸሐፊ፦ ሳሊም-ጃቬድ” ብለው አስጻፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ “ዲዋር” እና “ሾሌ” ሲወጡ ሁለቱ ራሳቸው ስማቸው የሚሸጥ ሰዎች ሆነው ነበር። አሚታብን ስታመሰግኚ ቁጣውን የጻፉለትን፣ ዝም ብሎ መቆምን ግን ራሱ ያመጣውን ለይተሽ ማሳየት ትችያለሽ። የሄማ ማሊኒን ጋሪ ነጂነት በ“ሾሌ” ስታወድሺም አደገኛውን ክፍል የሠራችላት ስታንት ሬሽማ ፓታን መሆኗን ጨምሪ።

በሙምባይ ምስጋና እንዴት እንደሚደረግ ካሳዩኝ ሥራዎች አብልጬ የምወደው የ1977ቱ “አማር አክባር አንቶኒ” ውስጥ ያለ ነው። አሚታብ ከትልቅ የፋሲካ እንቁላል ወጥቶ “ስሜ አንቶኒ ጎንሳልቬስ ነው” ይላል። ተመልካቹ ይስቃል፤ ስሙ ግን የእውነተኛ ሰው ነው። አንቶኒ ጎንሳልቬስ የጎዋ ተወላጅ ቫዮሊን ተጫዋችና አቀናባሪ ነበር፤ ከዜማ ደራሲዎቹ አንዱን፣ ፕያሬላልን፣ ያስተማረውም እሱ ነው። ተማሪው የመምህሩን ስም አገር በሚዘፍነው ዘፈን ውስጥ አኖረለት። አንድ ስም፣ አንድ ዘፈን፣ ሌላ ጌጥ የለውም። ያንቺም ጽሑፍ እንደዚህ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ወደ ዱባዩ ግብዣ ልምጣ። ጥያቄዎችሽን አትላኪ። ርዕሰ ጉዳዮቹን ብቻ በሦስት መስመር ላኪላቸው፤ “ስለ አዲሱ ፊልም ዝግጅት፣ ስለ ዳንስ ሥልጠና፣ ስለ ምልልስ አሠራር” ማለት ይበቃል። የተጻፈውን ከመታተሙ በፊት እንይ ካሉ አይሆንም በዪ፤ የተናገረውን ቃል ትክክለኛነት ለማረጋገጥ ግን መልሰሽ ብትደውዪ ነውር የለውም። ወጪውን መጽሔትሽ መሸፈን ካልቻለ በቪዲዮ አነጋግሪው። ያም ካልሆነና ከሄድሽ፣ ጉዞውን ማን እንደከፈለ ከጽሑፉ አናት ላይ ይታተም። ግርጌ ላይ ከተደበቀ ምንም አልጠቀመም።

እንዲህ ባሉ ዝግጅቶች የሚሰጥሽ ጊዜ አጭር ነው፤ አስራ አምስት ደቂቃ ካገኘሽ ብዙ ነው፣ እሱንም ከሌሎች ጋዜጠኞች ጋር ልትካፈዪው ትችያለሽ። “በኢትዮጵያ አድናቂዎችዎ ስም” እያልሽ ሁለቱን ደቂቃ አታቃጥዪ። ምስጋናሽን በጥያቄው ውስጥ አስገቢው፦ የተወሰነ ትዕይንት ጥቀሺና ያንን መስመር ማን እንደጻፈው፣ ስንት ጊዜ እንደተቀረጸ፣ ዳንሱን ማን እንዳስጠናው ጠይቂ። ተዋናዮች የማስታወቂያ ሰዎቻቸው ያላስጠኗቸውን መልስ የሚሰጡት እንዲህ ሲጠየቁ ነው። ድምፁን በሁለት መሣሪያ ቅረጪ።

አንድ ነገር አጥብቄ የምጠይቅሽ፣ የምስጋና ጽሑፍሽን አዲስ ፊልም በሚወጣበት ሳምንት አታውጪ። በዚያ ሳምንት የወጣ ምስጋና ምንም ቢያምር ማስታወቂያ ይመስላል። በዚያው ሳምንት ስለ ገቢ ከጻፍሽም አንድ ክሮር አስር ሚሊዮን፣ አንድ ላክ መቶ ሺህ መሆኑን አትርሺ፤ ቁጥሩም ከታክስ በፊት ይሁን በኋላ፣ የሕንድ ብቻ ይሁን የዓለም ካልተጻፈ አትጠቀሚበት። የፕሮዲዩሰሩ ቁጥር ከሆነ የፕሮዲዩሰሩ መሆኑን ጻፊ።

የሞት ዜናን በተመለከተ ፍርሃትሽ ልክ ነው። በኖቬምበር 2025 መጀመሪያ አጋማሽ ላይ ተዋናዩ ዳርሜንድራ ሞተ ተብሎ በብዙ መገናኛ ብዙኃን ተዘገበ፤ ሚስቱ ሄማ ማሊኒና ልጁ ኤሻ በሕይወት እንዳለ ተናገሩ። ያረፈው በዚያው ወር በ24 ቀን ነው። በሕይወት ላለ ሰው ቤተሰብ መርዶ ማሰማት ማለት ይህ ነው። ስለዚህ የቤተሰብ ወይም የሆስፒታል መግለጫ ሳይኖር አትጻፊ፤ አምስት ድረ ገጾች ከአንድ ምንጭ ቀድተው ከሆነ አንድ ምንጭ ነው የሚባሉት። አዘጋጅሽ ቶሎ አድርሺ ሲልሽ የምታደርሺው እንዲኖርሽ ደግሞ ዕድሜያቸው ለገፋ ከያኒያን አስቀድመሽ መዝገብ አዘጋጂ፦ የተወለደበት ስምና ቦታ፣ የመጀመሪያ ፊልም፣ ማን አመጣው፣ ማን ጻፈለት፣ ማን ዘፈነለት። የዲሊፕ ኩማር መዝገብ ቢኖርሽ ኖሮ እንዲህ ይጀምር ነበር፦ ዩሱፍ ካን፣ ፔሻዋር 1922፤ “ጅዋር ባታ” 1944፤ ወደ ቦምቤይ ቶኪስ የፊልም ስቱዲዮ ያስገባችውና አዲሱን ስም ያወጣችለት ዴቪካ ራኒ። በጁላይ 2021 በ98 ዓመቱ ሲያርፍ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ መጨመር ይበቃሽ ነበር።

አሁን ጽሑፍሽን እንዲህ አስተካክዪና መልሰሽ ላኪው። አራቱን ኮከቦች በአንድ ላይ አታጭቂ፤ ከናርጊስ ጀምሪ፣ ከዘጠኝ መቶ ቃል አትለፊ። በ1957ቱ “ማዘር ኢንዲያ” ላይ ብቻ ቆዪ። ናርጊስ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም፤ ልጇን ሆኖ የተጫወተው ሱኒል ዱት ደግሞ እንደ እሷው በጁን 1929 የተወለደ እኩያዋ ነው። ሙሽራ ሆና ስትገባ፣ ማሳውን ስታርስና በስተርጅና ልጇ ላይ ጠመንጃ ስትደግን ያሉትን ሦስቱን ትዕይንቶች ለይተሽ ትከሻዋን፣ አነጋገሯንና እርምጃዋን አወዳድሪ፤ ለእሷ ብቻ የሚገባው ምስጋና እዚያ ነው ያለው። የፊልሙ ርዝመት የከበደሽ ቦታ ካለም ደቂቃውን ጠቅሰሽ ጻፊው፤ ናርጊስን አያሳንሳትም። ዳይሬክተሩ መህቡብ ካን ታሪኩን አስቀድሞ በ1940 “ኦራት” ብሎ ሠርቶት ስለነበር፣ ማግኘት ከቻልሽ እሱንም እዪውና የመጀመሪያዋን እናት ሳርዳር አክታርን በስሟ ጥሪያት። ለዜማው ናውሻድን፣ ለግጥሙ ሻኪል ባዳዩኒን፣ ለካሜራው ፋሬዱን ኢራኒን፣ ለምልልሱ ዋጃሃት ሚርዛንና ኤስ. አሊ ራዛን አስገቢ። ዘፈን የምትጠቅሺ ከሆነም የዘፋኙ ስም በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይሁን።