ፖሊስ ሲይዛችሁም፣ ፖሊስ ጋ አቤት ስትሉም፦ ጠይቁኝ

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበርኩ። ከዚያ ሕግ ተምሬ ወጣሁ፣ አሁን ጥብቅና ላይ ነኝ። ጠረጴዛውን ከሁለቱም በኩል አይቼዋለሁ። ከትናንት ጀምሮ የደረሱኝን ጥያቄዎች እንዳቅሜ እመልሳለሁ። የታሰረ ዘመድ ያላችሁ ግን እኔን አንብባችሁ ብቻ አትቅሩ፣ ጠበቃ አነጋግሩ።

ጥያቄ፦ ወንድሜን ትናንት ማታ ወሰዱት። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ ከሁሉም በፊት የተያዘበትን ሰዓት ጻፊ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያየ ሰው ካለ ስሙን። ከዚያ ሰፈራችሁ ካለው ጣቢያ ጀምሪና ተረኛውን ጠይቂ። እዚህ የለም ካለሽ የት ሊሆን እንደሚችል ጠይቂው፣ ቀጥለሽ ወደዚያ ሂጂ። ስታገኚው የመርማሪውን ስም ያዢ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል ይላል። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከዚህ ሰዓት ውስጥ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው መንገድ ብቻ ነው። «ቅዳሜ ነው፣ ሰኞ ይቀርባል» የሚል ነገር እዚያ ላይ አልተጻፈም። 48 ሰዓቱ ካለፈ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ከሕግ ውጭ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ጥያቄ፣ ማቅረብ ይቻላል። ያን ጊዜ ዛሬ የጻፍሽው ሰዓት ያስፈልግሻል።

ጥያቄ፦ ቃል ስጥ ሲሉኝ ዝም ብል ጥፋተኛ አያስመስለኝም?

አያስመስልህም። ዝም ማለት መብትህ ነው፤ የተናገርከው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብህ እንደሚችልም ሊነግሩህ ይገባል። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ይለዋል። ያው ሕግ መርማሪ በማስፈራራትም ሆነ ተስፋ በመስጠት ቃል እንዳይቀበል ይከለክላል።

እኔ ጣቢያ ሳለሁ አብዝቼ የሰማሁት ግን «ፈርምና ነገ ትወጣለህ» የሚለውን ነው። ጀማሪ ሆኜ አንድ ልጅ አጠገቤ እንደዚያ ተብሎ ሲፈርም አይቼ ዝም አልኩ። ልጁ አልወጣም። ዛሬም ይቆጨኛል። ያልተነበበልህ ወረቀት ላይ አትፈርም።

ጥያቄ፦ ሌሊት ቤት መበርበር ይችላሉ?

በመደበኛው የፍርድ ቤት የብርበራ ትዕዛዝ ያስፈልጋል፣ ሰዓቱም ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ነው። ፍርድ ቤቱ ራሱ በሌላ ሰዓት ካዘዘ፣ ወይም ፖሊስ እያባረረው ያለ ሰው ቤታችሁ ከገባ ሌላ ነው። ትዕዛዙን አሳዩኝ በሉ። ሴትን መፈተሽ ያለባት ሴት ናት። የተወሰደው ዕቃ ተዘርዝሮ ይጻፍ፣ ዝርዝሩን ሳታነቡ አትፈርሙ።

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት አባታችንን በዋስ ልቀቁ ብሎ ነበር። ብሩን አስይዘን በር ላይ ስንጠብቅ «ሌላ ጉዳይ አለበት» ብለው መልሰው ያዙት። ታዲያ ፍርድ ቤቱ ምን ይሠራል?

ይህን ጥያቄ አሥራ አንድ ሰው ልኮልኛል። በሕዝብና በፖሊስ መካከል ያለውን እምነት ከዚህ የበለጠ የሚሰብር ነገር አላውቅም። ጥፊ ያማል፣ ግን ሰው «አንዱ ባለጌ ነው የመታኝ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ዳኛ ፈርሞ ያዘዘው በር ላይ ሲቀር ግን ያ ቤተሰብ ከዚያ ወዲያ በማንም አያምንም፣ በዳኛውም፣ በጠበቃውም፣ በእኔም።

ሌላ ወንጀል በእርግጥ ኖሮ እንደሆነ ፖሊስ የመመርመር ሥልጣን አለው። ያኔም ቢሆን ምክንያቱ ይነገረዋል፣ 48 ሰዓቱም እንደ አዲስ ይቆጠራል። ሌላ ጉዳይ ሳይኖር ከሆነ ግን ሰውን ከሕግ ውጭ ይዞ ማቆየት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 ራሱ ወንጀል ነው። የመፍቻ ትዕዛዙን ቅጂ ያዙ። ትዕዛዙን ለሰጠው ችሎት በዚያው ቀን አመልክቱ፣ ያልፈጸመው ኃላፊ ቀርቦ ያስረዳ በሉ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ጋ ሂዱ፤ በአዋጅ 1224/2012 ማሻሻያ ማቆያ ቦታዎችን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ የመጎብኘት ሥልጣን ተሰጥቶታል። «የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው» ቢሏችሁም አንቀጽ 18፣ ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው፣ በአስቸኳይ ጊዜም አይታገድም።

ሁሌ ይሠራል ብዬ አልዋሻችሁም። የሠራባቸውን ግን አይቻለሁ፣ ሁሉም ወረቀት የያዙ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ማዕከላዊ የሚባለው የምርመራ እስር ቤት ተዘጋ። ምን ተለወጠ?

በ2010 ዓ.ም. መዘጋቱ ትልቅ ነገር ነው። እዚያ የተሠቃየ ሰው ፊት ቆሞ ትንሽ ነው የሚል የለም። ነገር ግን ግቢ መዝጋትና አሠራር መዝጋት ይለያያሉ። ለእኔ መለኪያው ቀላል ነው፦ ዛሬ ማታ የተያዘው ልጅ ነገ ጠዋት እናቱ ታገኘዋለች ወይ?

ጥያቄ፦ ትራፊክ ፖሊስ «ለሻይ» ሲለኝ ብሰጠው እኔም ጥፋተኛ ነኝ?

አዎ። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ 881/2007 ሰጪውም ይጠየቃል። ጥፋት ካለብህ ክሱን ይጻፍልህ፣ ከፍለህ ደረሰኝ ያዝ። የመለያ ቁጥሩንና ሰዓቱን መዝግበህ ለአለቆቹ ጠቁም።

ጥያቄ፦ ስልኬን ተሰርቄ ጣቢያ ስሄድ «አይገኝም፣ ባትደክም ይሻልሃል» ተባልኩ። ምን ዋጋ አለው?

አቤቱታህ ሊጻፍ፣ ሊነበብልህና ልትፈርምበት ይገባል። «አይገኝም» የሚለው መልስ አይደለም፣ ይመዝግቡልህ።

አንድ ነገር ላጫውትህ። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ አንዲት እናት የጋዝ ሲሊንደራቸው ተሰርቆ መጡ። ተረኛው ወጣት ሳጅን ነበር። በስልኩ መብራት እያየ ጻፈላቸው፣ ከዚያ መስመር በመስመር አነበበላቸው። «ሰማያዊ አይደለም ልጄ፣ አረንጓዴ ነው» አሉት። ሰርዞ አስተካከለ። አውራ ጣታቸውን አስፈረማቸውና የመዝገቡን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ሰጣቸው። እሳቸውም ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት።

ሲሊንደሩ አልተገኘም። ከወራት በኋላ ግን ሰፈሩ ውስጥ አንድ ልጅ በስለት ተወጋ፣ ሁሉም አላየሁም አለ። ያዩትን ሊናገሩ የመጡት እኚያው እናት ናቸው። ገብተው የጠየቁት ሳጅኑን ነበር። ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፣ እንደዚያች ማታ ያስተማረኝ ግን የለም።

ጥያቄ፦ እኔ ኮንስታብል ነኝ። ደመወዜ የቤት ኪራይ አይሸፍንም፣ ሌሊት ከሌሊት ተረኛ ነኝ፣ ሕዝቡ ደግሞ በጥላቻ ያየኛል። ስለ እኛስ ለምን አትጽፍም?

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ያልተኛና ያልበላ ሰው ትዕግሥት እንዲኖረው መጠበቅ ከባድ ነው፣ ይህን አለቆችህም መንግሥትም ሊሰሙት ይገባል። ግን ደመወዝህን የቀነሰው እፊትህ የቆመው ሰው አይደለም። ሕገወጥ ትዕዛዝ ሲሰጥህ በጽሑፍ ስጡኝ በል። ሰው ስትመታ ያየህ ባልደረባህ ዝም ካለ ጓደኛህ ነው ብለህ አታስብ። እኔ ዝም ያልኩ ጊዜ ለማንም አልጠቀምኩም።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ የጠየቅኩህ ነኝ። ወንድሜን አገኘነው፣ ነገ ጠዋት ስንቅ ይዤ ልሄድ ነው። ምን ልያዝ?

እሰይ! መታወቂያሽን አትርሺ። ምግቡን በሚከፈት ዕቃ አድርጊው፣ ቅመሺ ሊሉሽ ይችላሉ። ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ ሶፍት ያዢ። የሚወስደው መድኃኒት ካለ ከነማዘዣው። ቀበቶና ማሰሪያ ያለው ጫማ ይቅር። ስታገኚው ፊቱንና እጁን ደህና አድርገሽ እዪ፣ የተመታ ከሆነ ችሎት ፊት በመጀመሪያው ቀን ራሱ ይናገር፣ ሕክምናም ይጠይቅ። ከመውጣትሽ በፊት ስንት ሰዓት እንደሚቀርብ መርማሪውን ጠይቂና እዚያችው ሰዓቱን የጻፍሽባት ወረቀት ላይ ጨምሪው።