+1 ጩቤዬ ለድግምቴም ይደመራል?

ጥያቄ፦ ሰላም! የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን (ገጸ ባሕርይ ይዘው በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ) አምስተኛ እትም፣ በ2014ቱ ሕግ እንጫወታለን። ዊዛርዴ (ድግምተኛ ገጸ ባሕርዬ) +1 ጩቤ አገኘች። ጩቤውን ይዤ ፋየር ቦልት የሚባለውን የእሳት ድግምት ስወረውር 1 ልደምር ስል ዲኤማችን (ጨዋታውን የሚመራው) «አይሆንም፣ ተይው» አለኝ። ቡሚንግ ብሌድ በሚባለው ድግምት ስመታ ግን ራሱ «ደምሪ» አለኝ። ሁለቱም ድግምት አይደሉም እንዴ? ጩቤውስ አስማታዊ አይደለም?

መልስ፦ ዲኤማችሁ ሁለቱንም ጊዜ ልክ ነው።

የ+1 መሣሪያ ሕግ የሚለው በዚያ መሣሪያ በሚደረግ ጥቃትና ጉዳት ላይ 1 ይደመራል ነው። ቁልፉ «በዚያ መሣሪያ» የሚለው ነው። ጉርሻው የጩቤው እንጂ የያዘችው ዊዛርድ አይደለም። ፋየር ቦልት ስትወረውሪ ጩቤው እጅሽ ውስጥ ቢሆንም የሚመታው እሱ አይደለም፣ እሳቱ ነው። ስለዚህ ዲ20 (ባለ 20 ገጽ ዳይስ) ወርውረሽ የምትደምሪው ፕሮፊሸንሲሽንና (የሥልጠና ጉርሻሽን) የኢንተለጀንስ (የብልህነት) ጉርሻሽን ብቻ ነው።

ቡሚንግ ብሌድ ግን ሌላ ነገር ነው። ድግምቱ የሚያዝሽ በመሣሪያው ራሱ እንድትመቺ ነው። ስለዚህ የጩቤው ጥቃት ነው፣ +1ዱም አብሮ ይገባል፣ በጥቃቱም በጩቤው ጉዳትም ላይ። ተመቺው በገዛ ፈቃዱ ከቦታው ሲንቀሳቀስ የሚያገኘው የነጎድጓድ ጉዳት ላይ ግን አትደምሪ፤ ያን የሚያደርሰው ድግምቱ ነው።

በቁጥር እንየው። ሦስተኛ ደረጃ ዊዛርድ ነሽ እንበል፣ ፕሮፊሸንሲሽ +2፣ ኢንተለጀንስሽ 16 (ማለትም +3)፣ ዴክስተሪቲሽ ወይም ቅልጥፍናሽ 14 (ማለትም +2)። ፋየር ቦልት 2 ሲደመር 3፣ +5 ይሆናል። ጩቤው ደግሞ፣ በዴክስተሪቲ ስለምትመቺበት፣ 2 ሲደመር 2 ሲደመር የራሱ 1፣ እሱም +5። እኩል ወጡ! ጩቤው በዴክስተሪቲ ማነስ ያጣሽውን ነው የሞላልሽ፣ እና ይሄ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ሕጉ እንዲህ መሆኑን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ስታፍ ኦፍ ፓወር የተባለው አስማታዊ ዱላ ነው። እንደ ዱላ ስትመቺበት በጥቃትና በጉዳት ላይ +2 ይሰጣል ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ለብቻው፣ የያዘው ሰው በስፔል አታክ (በድግምቱ በራሱ በሚደረግ ጥቃት) ላይ +2 ያገኛል ብሎ ይጽፋል። የመሣሪያ ጉርሻ በራሱ ወደ ድግምት የሚሻገር ቢሆን ኖሮ ይህን ሁለተኛ መስመር መጻፍ ምን ያደርግ ነበር? ዋንድ ኦፍ ዘ ዋር ሜጅ የተባለው አስማታዊ ዘንግም እንደዚሁ የተሠራው በስፔል አታክ ላይ ለመደመር ነው፣ ያውም አቱንመንት (ከዕቃው ጋር አስቀድሞ መተሳሰር) ይፈልጋል። ተራ +1 ጩቤ ያለ አቱንመንት ሁለቱንም ሥራ ይሥራ ከተባለ ያንን ዋንድ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ለዚህ ነው በቤት ሕግም ቢሆን እንድታሻሽሉት የማልመክረው።

ስም እንዳያታልልሽ ደግሞ። ስፒሪቹዋል ዌፐን የሚባለው የክሌሪክ (የካህን ገጸ ባሕርይ) ድግምት መሣሪያ ይመስላል፣ ስሙም መሣሪያ ነው፣ ግን ስፔል አታክ ነው፤ ክሌሪኩ አስማታዊ መዶሻ ቢይዝም ምንም አይጨምርለትም። ሺሌላ የሚባለው የድሩይድ (የተፈጥሮ ድግምተኛ) ድግምት ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ድሩይዱ የራሱን ዱላ ነው የሚያነሳው፣ ዱላው +1 ከሆነ ይደመራል። ፋየርቦል (ከፋየር ቦልት የተለየ ድግምት) ላይ እንዲያውም ጥያቄው አይነሳም፣ ምክንያቱም የጥቃት ዳይስ የለውም፤ ጉዳቱን ለመቀነስ ዲ20 የሚወረውሩት ተመቺዎቹ ናቸው። ማጂክ ዌፐን የሚባለው ድግምትም ለጩቤሽ አይሆንም፣ አስማታዊ ባልሆነ መሣሪያ ላይ ብቻ ስለሚሠራ።

እና ጩቤውን የት ትጠቀሚበት? ተኩላ-ሰው መጥቶ አጠገብሽ ሲቆም። ብር ያልተቀባና አስማት የሌለው መሣሪያ ምንም አያደርገውም፣ ያንቺ ጩቤ ግን ይወጋዋል። ፋየር ቦልትም ያቃጥለዋል፣ ነገር ግን ጠላት በ5 ጫማ ውስጥ እያለ ከሩቅ የሚወረወር ድግምት ዲስአድቫንቴጅ አለበት፣ ሁለት ዳይስ ወርውረሽ ትንሹን ነው የምትወስጂው። ጩቤው ይህ ችግር የለበትም። እዚያ ላይ ቡሚንግ ብሌድን በጩቤሽ ምቺና +1ዱን ያለ ክርክር ደምሪ።