ለዋልአይ ሪግ ብሬድ ነው ሞኖ? ለጠየቅከው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አዲስ ስፒኒንግ ሪል (የክር መጠቅለያ) ገዝተሃል፣ ሜይ ላይ ዋልአይ የሚባለው የሐይቅ አሳ ሲዝን ሲከፈት ሚል ላክስ ሐይቅ ወርደህ በሊንዲ ሪግ (እርሳሱ ክሩ ላይ የሚንሸራተት የማጥመጃ አሠራር) በአልቅት ልታጠምድ ነው፣ ሀዋሳ ያደግክ ልጅ ስለሆንክ በእጅ ክር ቆሮሶ ማውጣት ታውቃለህ፣ እዚህ ግን ሱቅ ስትገባ ብሬድ (የተጎነጎነ ክር) ልግዛ ሞኖ (አንድ ወጥ የናይለን ክር) ልግዛ ግራ ገባኝ ነው ያልከው። ከመለሱልህ ሰዎች ግማሹ ብሬድ ብቻ ብሎሃል ግማሹ ሞኖ ይበቃሃል ብሎሃል፣ ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ቦታ አለ ግን ለምን እንደሆነ የነገረህ አላየሁም። እኔ እዚህ ሚኒሶታ ሁለቱንም ለአመታት ተጠቅሜባቸዋለሁና ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። ለሪግ ዋናው ላይንህ (ክርህ) ብሬድ ይሁን፣ 10 ፓውንድ የሚችል፣ ደማቅ ቀለም ያለው። ከመንጠቆው በኩል ያለው ግን ሞኖ ወይ ፍሎሮካርቦን (ውሃ ውስጥ በቀላሉ የማይታይ ክር) ይሁን፣ 6 ወይ 8 ፓውንድ። ብሬድን ግን እስከ መንጠቆው ድረስ እንዳታወርደው።

አሁን ለምን የሚለው። ሊንዲ ሪግ የሊንድነር ወንድማማቾች እዚሁ ብሬነርድ በ1960ዎቹ ለሰው ያስተዋወቁት አሠራር ነው፣ እርሳሱ ላይኑ ላይ ይንሸራተታል፣ አሳው አልቅቱን ሲያነሳ የእርሳሱን ክብደት ሳይሰማው ክር ይዞ ይሄዳል፣ ነገርዬው በሙሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። ዋልአይ እንደ ባስ አሳ መጥቶ ነጥቆ አይሄድም፣ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው አፉ ውስጥ የሚከተው፣ አንተ ቤሉን (ክሩን የሚይዘውን የሪሉን ሽቦ) ከፍተህ ላይኑን በጠቋሚ ጣትህ ይዘህ ትጠብቃለህ፣ ሲያነሳው ትለቅለታለህ። ስለዚህ አሳው ማንሳቱን የምታውቀው በጣትህ ነው። ሀዋሳ በእጅ ክር ስታጠምድ ጣትህ ላይ የሚሰማህ ነገር አለ አይደል፣ ብሬድ እሱን ነው የሚመልስልህ።

ሞኖ ናይለን ነው፣ ሲጎተት ይለጠጣል፣ እንደ አይነቱ 20 በመቶና ከዛም በላይ ሊለጠጥ ይችላል። ጀልባው ወደፊት እየሄደ ላይንህ ከኋላ ረጅም ርቀት ወጥቶ እያለ አሳው ቀስ ብሎ ቢያነሳው ያ መለጠጥ ምልክቱን መሀል ላይ ይበላዋል። ብሬድ ግን ከፖሊኤቲሊን ክሮች የተጎነጎነ ነው፣ መለጠጡ የለም ማለት ይቻላል። እርሳስህ ጠጠር ላይ ሲሄድ ቅ ቅ ቅ የሚል ነገር ጣትህ ድረስ ይመጣል፣ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ያ ነገር ይጠፋና ከበድ ይላል፣ እንደገና ጠንካራ መሬት ሲያገኝ ይመለሳል። ሚል ላክስ ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው ምክንያቱም ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ከ130 ሺህ ኤከር በላይ፣ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 42 ጫማ ነው፣ መሀሉ ላይ የጭቃ ሜዳዎች አሉ፣ አሳው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የሜዳው ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙ ላይ መሆንህን የጀልባው ሶናር ስክሪን ብቻ ሳይሆን ጣትህም ይነግርሃል።

ሌላው ቅጥነቱ ነው። 10 ፓውንድ ብሬድ ውፍረቱ የ2 ፓውንድ ሞኖ ያህል ነው፣ ማሸጊያው ላይም ተጽፎ ታገኘዋለህ። ቀጭን ስለሆነ ውሃው ብዙ አይገፋውም፣ ስለዚህ ቀለል ባለ እርሳስ መሬት ትነካለህ። እኛ የምንሄድበት ልክ ለየ10 ጫማ ጥልቀት አንድ ስምንተኛ አውንስ ነው፣ ንፋስ ካለ ትጨምራለህ። ብሬድ ቀላል ስለሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል ንፋስም ሆዱን ነፍቶ ይወስደዋል፣ ያኔ የዘንጉን ጫፍ ወደ ውሃው ዝቅ አድርገህ ያዝ፣ ሽቅብ ከያዝከው ስሜቱን ታጣዋለህ።

እኔ ብሬድን አጥብቄ የምመክርበት ሌላ ምክንያት አለ፣ ብዙ ሰው ደግሞ አያነሳውም። ሚል ላክስ ላይ ከምታወጣው ዋልአይ ብዙውን መልሰህ ትለቀዋለህ፣ የምትይዘው ቁጥርና ልክ በደንብ ተወስኗል፣ ደንቡ ደግሞ እየተቀያየረ ስለሚሄድ ከመሄድህ በፊት የዲኤንአሩን (የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት) ገጽ አይተህ ሂድ። አሳው ማንሳቱን ዘግይተህ ካወቅክ መንጠቆውን ይውጠዋል፣ ከጉሮሮው በታች የተያዘ አሳ ደግሞ ብትለቀውም ብዙ ጊዜ አይተርፍም፣ በተለይ በጋ ላይ ውሃው ሲሞቅ። ዲኤንአሩም ተለቀው የሚሞቱትን ገምቶ ከሐይቁ ኮታ ላይ ይቆጥራቸዋል። ቶሎ ካወቅክ ቶሎ ታስይዘዋለህ፣ ከንፈሩ ላይ ይያዛል፣ በሰላም ይሄዳል። ከዋጠው ግን እባክህ አትጎርጉረው፣ ክሩን አፉ አካባቢ ቆርጠህ ልቀቀው።

አሁን ሊደሩ (ከመንጠቆው በኩል ያለው ክር) ጋ እንምጣ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሚል ላክስ ውስጥ ዜብራ መሰል የሚባለው ባለ ሁለት ዛጎል ትንሽ የውሃ እንስሳ በ2005 ተገኘ፣ ከዛ ወዲህ ውሃው በጣም ጠርቷል። ዋልአይ ደግሞ አይኑ በጨለማ እንዲያይ የተሠራ ነው፣ ማታ ባትሪ ብታበራበት የሚያበራው ለዛ ነው፣ በጠራ ውሃ ውስጥ ብሬድ አፍንጫው ድረስ ብታመጣለት ያየዋል። ከዛ በላይ ግን የዜብራ መሰሉ ዛጎል እንደ ምላጭ ነው፣ ብሬድ ተወጥሮ እያለ እሱ ላይ ከተፋተገ ጥቂት ክሮች ተበጥሰው ቆይተው በሚቀጥለው ጉተታ ይለቅብሃል። ስለዚህ እኔ እንዲህ ነው የማስረው፦ ብሬዱ ጫፍ ላይ ጥቂት ጫማ 10 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን በደብል ዩኒ ቋጠሮ እቀጥላለሁ፣ እርሳሱን እሱ ላይ አስገባለሁ፣ ከዛ ስዊቭል (የሚሽከረከር ማያያዣ)፣ ከስዊቭሉ በኋላ 6 ፓውንድ ስኔል (መንጠቆው የሚታሰርበት ክር) እና መንጠቆው። እንዲህ ሲሆን መሬቱን የሚነካው ክፍል ብሬድ አይደለም፣ ድንጋይ ውስጥ ከተሰነቀረብህም ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው 6 ፓውንዱ ነው፣ መንጠቆ ብቻ ታጣለህ። ስኔሉ ውሃው ደፍረስ ካለ 3 ወይ 4 ጫማ ይበቃል፣ በጠራ ውሃ ላይ 6፣ 8 ጫማ አድርገው። ፍሎሮካርቦን ይሰምጣል፣ አልቅቱ ከመሬት ከፍ እንዲል ከፈለግክ ስኔሉን ሞኖ አድርገህ ትንሽ ተንሳፋፊ ዶቃ ከመንጠቆው በላይ አስገባበት፣ ያ በጣም ይሠራል።

ቋጠሮ ላይ፣ ብሬድ የሚያዳልጥ ነገር ነው፣ ለሞኖ የለመድከው ክሊንች ብሬድ ላይ ተንሸራቶ ይፈታል፣ ፓሎማር እሰር፣ ሳታጠብቀው በፊት በምራቅህ አርጥበው። ሪሉ ላይ ስትሞላም ባዶ ስፑል (የክሩ ማጠንጠኛ) ላይ ቀጥታ አትጠቅልለው፣ ዝም ብሎ ይሽከረከራል፣ ድራጉ (አሳው ሲጎትት ክር የሚለቀው የሪሉ ፍሬን) የተበላሸ ይመስልሃል፣ ከታች ትንሽ ሞኖ ጠቅልለህ ከላዩ ብሬዱን ሙላ፣ ገንዘብም ይቆጥብልሃል ምክንያቱም ብሬድ ውድ ነው።

ብሬድ ስለማይለጠጥ መንጠቆውን ስታስይዝ በኃይል አትንጠቀው። የዋልአይ አፍ አጥንትና ጥርስ ነው ግን ጎኑ ላይ ያለው ቆዳ ስስ ነው፣ ይቀደዳል። ላይኑን ጠቅልል ጠቅልልና ክብደቱ ሲሰማህ ዘንጉን ወደ ጎን ሳብ አድርገው፣ በቃ። ድራግህን ላላ አድርገው፣ ዘንጉም ሚዲየም ላይት (ቀለል ያለው አይነት) ይሁን፣ ብሬድ ያጣውን መለጠጥ ዘንጉ ነው የሚሰጠው።

ሞኖ የማነሳበት ጊዜ ግን አለ። አንዱ ሲዝኑ ሲከፈት ውሃው ገና ቀዝቃዛ ሲሆንና አሳው በግማሽ ልብ ሲበላ ነው፣ ትንሽ ግትርነት ከተሰማው ይተፋዋል፣ ሞኖ ትንሽ ይሰጥለታል፣ እዚህ ሐይቁ ላይ ያረጁ ሰዎች እስከዛሬ 6 ፓውንድ ሞኖ የሚጠቀሙት በከንቱ አይደለም። ሁለተኛው ስፒነር (የሚሽከረከር ማጥመጃ) ከቦተም ባውንሰር (መሬት እየነካ የሚሄድ እርሳስ) ጋር ስትጎትት ወይ ክራንክቤይት (አሳ መሳይ ማጥመጃ) ትሮል ስታደርግ፣ ማለትም ከጀልባው ኋላ ስትጎትት፣ ዘንጉ ማስቀመጫው ላይ ነው ያለው፣ አሳው ራሱ ነው መንጠቆውን የሚያስይዘው፣ እዛ ላይ መለጠጡ መንጠቆው ቀዶ እንዳይወጣ ይጠብቅልሃል። ብሬድ ቀጭን ስለሆነ ክራንክቤይቱን ከለመድከው ጠለቅ አድርጎ እንደሚወስደውም አስታውስ። በረዶ ላይ ውጪ ቁጭ ብለህ ስታጠምድ ደግሞ ብሬድ ውሃ ይዞ ይወጣና በረዶ ይሠራል፣ ሞኖ ይሻላል። ልጆች ይዘህ ከሄድክም ሞኖ ስጣቸው፣ ብሬድ አንዴ ከተተበተበ መፍታት አይቻልም።

የሞኖ ችግሩ የስፑሉን ቅርጽ ይዞ እንደ ስፕሪንግ መጠቅለሉና ፀሐይ ማድከሙ ነው፣ በየሲዝኑ ቀይረው። ብሬድ ለአመታት ያገለግላል፣ ጫፉ ሲያረጅ ገልብጠህ ከውስጥ ያለውን ወደ ውጪ ታወጣዋለህ። የቆረጥከውን ክር ግን የትኛውም ይሁን ውሃ ላይ እንዳትጥል፣ ሉን የሚባለው ወፍ እግሩ ላይ ይጠመጠምበታል።

ዛሬ ሱቅ የምትገባ ከሆነ አንድ ጥቅል 10 ፓውንድ ደማቅ ብሬድ፣ አንድ 10 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን ለሊደር፣ አንድ 6 ፓውንድ ሞኖ ግዛ፣ ሞኖው ለስኔልም ከብሬዱ ስር ለመሙላትም ይሆንሃል። ሪልህ ትርፍ ስፑል ካለው እሱ ላይ ሞኖውን ሙላና ጀልባው ላይ ይዘህ ውጣ፣ ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል ትቀይረዋለህ። የሪሉን ሞዴልና የዘንግህን ርዝመት እዚህ ጻፍልኝ፣ ምን ያህል ሞኖ ከስር እንደምትሞላ እነግርሃለሁ።