ሆድ፣ ስብራት፣ ቀጠሮ፦ የባሕር ዳር የቀዶ ሕክምና ጥያቄዎቻችሁ

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ኦፕሬሽን ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች የምችለውን እነሆ።

ሲስተር፣ ከዘጌ ነን። የአባቴ ሆድ ከትናንት ጀምሮ ተነፍቷል። ፈስም ሰገራም የለም። ዘመድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጠጡ ይላል።

ምንም እንዳይጠጡ! ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል አድርሷቸው። የአንጀት መጠምዘዝ ሊሆን ይችላል። በኛ አገር በተለይ በገጠር ወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ የምናየው ነው። በጊዜ ከመጡ መጀመሪያ ሆድ አይከፈትም፤ በፊንጢጣ የላስቲክ ቱቦ ይገባል። ጠመዝማዛው ሲፈታ አየሩ ሽው ብሎ ይወጣል፣ የተወጠረው ሆድ ዓይናችን እያየ ይሟሽሻል። ሽታውን ተዉት! በሽተኛው ግን የዚያን ጊዜ ነው ፈገግ የሚለው። «ተሻለኝ፣ ቤቴ ልሂድ» ቢሉ እንዳትሰሟቸው። ተመልሶ ስለሚጠመዘዝ ያ የአንጀት ክፍል ተቆርጦ መውጣት አለበት። ከዘገዩ አንጀቱ ይሞታል፤ ያኔ ሌላ ታሪክ ነው።

ልጄ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻ በቀርከሃ አሰረለት። ጣቶቹ አብጠው ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ። ልፍታው?

አዎ፣ ይህን እያነበብሽ ፍቺው። ከዚያ ይዘሽው ነይ። ጥፍሩን ጫን አድርገሽ ልቀቂው፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ደም ካልተመለሰበት፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ወይም ጣቱን ስታቃኚለት ከጮኸ ደም እየደረሰው አይደለም። የምትቆጥሪው ቀን ሳይሆን ሰዓት ነው። ወጌሻን ጠልቼ አይደለም፤ ወለምታ ሲያሹ ጎበዝ የሆኑ አሉ። ግን በጀሶ ብቻ ይድን የነበረ ስብራት፣ በማሰሪያው ጥብቀት ብቻ እጅ ሲያስቆርጥ ማየት ያንገበግባል። ያውም የልጅ እጅ።

ጥበበ ግዮን ይሻላል ወይስ ፈለገ ሕይወት?

ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል። ጥበበ ግዮን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው፣ ፈለገ ሕይወት የከተማው ነባር ሆስፒታል። ድንገተኛ ከሆነ የቀረባችሁ ይሻላል። ቀጠሮ ከሆነ ደግሞ ሪፈር የተጻፈላችሁ ቦታ ሂዱ፤ የጤና መድን ያላችሁ በተለይ።

ሐኪሙ እያለ ቀጠሮ ለምን ይራዘማል?

ሐኪም ብቻውን ቀዶ ሕክምና አይሠራም። የአኒስቴዥያ (የማደንዘዣ) ባለሙያ፣ ደም፣ ኦክስጅን፣ የታጠበና የተቀቀለ መሣሪያ፣ ከኦፕሬሽን በኋላ የሚተኛበት አልጋ። አንዱ ከጎደለ ጠረጴዛው ባዶውን ይውላል። ደግሞ ምጥ የጠናባት እናት ከገባች፣ ለወራት የጠበቀ እንቅርት ተራውን ይለቃል። ሰው ሲቆጣ ይገባኛል፤ እኔም ዘመዴ ቢሆን እቆጣለሁ።

ደም አምጡ ተባልን። ለኛ በሽተኛ ነው የሚሰጠው?

የሰጣችሁት ያው ደም ላይሆን ይችላል። ምርመራው ጊዜ ይወስዳል፣ ዓይነቱም ላይገጥም ይችላል። ደም ባንኩ ውስጥ ካለው ይሰጠዋል፤ የናንተው ለሌላ ይሆናል። ስለዚህ ዘመድ ሳይታመምበት የሚሰጥ ሰው ነው ባንኩን ደግፎ የያዘው።

ወረዳ ሆስፒታል እናቴን የቀደዷት ስፔሻሊስት አልነበሩም። ይህ ሕጋዊ ነው?

ሕጋዊ ነው። አገሪቱ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን በማስተርስ ታሠለጥናለች። ሲ ሴክሽን፣ ትርፍ አንጀት የመሳሰሉትን እዚያው ይሠራሉ። እነሱ ባይኖሩ ስንቷ እናት መንገድ ላይ በቀረች!

ፌስቱላ (በአስቸጋሪ ምጥ ምክንያት ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈስበት ጉዳት) ማሳከም ስንት ያስከፍላል?

ነጻ ነው። ፈለገ ሕይወት ግቢ ውስጥ ያለው የሐምሊን ማዕከል ይሠራል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሽንት እንዲያወጣ የሚገባው የላስቲክ ቱቦ ለሁለት ሳምንት ያህል ስለሚቆይ ልብስ ይዛችሁ ኑ።

ከኦፕሬሽን በፊት አጥሚት ይቻላል?

አይቻልም፣ አጥሚት ምግብ ነው። ጠላም፣ ወተትም እንደዚያው። የሚባልላችሁን ሰዓት ጠብቁ። ደብቃችሁ ከበላችሁም ሳትፈሩ ንገሩን፤ በማደንዘዣ ተኝታችሁ ካስታወካችሁ ወደ ሳንባ ይገባል።