ለፍላይ ዘንግ የትኛው ቀለበት? ሴራሚክ ወይስ ሽቦ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼዋለሁ። በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ለዛሬ አቆየሁት። ባለ 9 ጫማ፣ 5 ዌይት (የሚወረውረው ላይን የክብደት ቁጥር ነው) የፍላይ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ራስህ እየሠራህ ነው። ሲያልቅ አገር ቤት ይዘኸው ሄደህ ባሌ ላይ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ልታሰግርበት አስበሃል። ሱቁ ደግሞ ላይኑ፣ ማለትም የማጥመጃው ገመድ፣ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ሙሉውን ሴራሚክ አድርጎ ሊያሸክምህ ይፈልጋል። "ልግዛ ወይስ ተራው ሽቦ ይበቃል? ስንትስ ልግጠም?" ብለሃል።

ሴራሚኩን ለአንዷ ብቻ ግዛ፤ ለእጀታው ቅርብ ለሆነችው፣ ስትሪፒንግ ጋይድ ለምትባለው። ከእሷ በላይ ያሉት ሁሉ ሽቦ ይሁኑ።

እኔ የምኖረው ዴንቨር ነው። እስካሁን ጋራዥ ውስጥ ስድስት ዘንግ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታዘበኛል። እኔም እንዳንተ "ጥሩ ነገር ይሁን" ብዬ እስከ ጫፉ ድረስ ሴራሚክ ደረደርኩበት። ብላንኩ፣ ምንም ያልተገጠመበት ባዶው ዘንግ፣ ብቻውን እያለ ሲወዛወዝ ቶሎ ቀጥ የሚል፣ ንቁ ነገር ነበር። ቀለበቶቹ ሲገጠሙበት ደነዘዘ። መጥረጊያ ጫፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ አስረህ ወዝውዘው፤ ያንን ነው የምልህ። እጀታው አካባቢ የምትጨምረው ክብደት ብዙም አይሰማህም። ጫፉ ላይ ግን ግራም በግራም ትከፍልበታለህ።

ሴራሚክ መጥፎ ነገር ሆኖ አይደለም። ቀጭን የማጥመጃ ገመድ በፍጥነት እየተፋተገ ለሚወጣበት ዘንግ ግሩም ነው። የኛ ላይን ግን ወፍራም ነው፣ ላዩም ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ ሽቦን እንዲህ በቀላሉ አይበላም። ስትሪፒንግ ጋይዷ ጋ ብቻ ነገሩ ይለያል። እጅህ ላይኑን ወደ ጎን ሲስብ እዚያች ላይ ታጥፎ ስለሚያልፍ ፍትጊያው ሁሉ እሷ ላይ ነው። ስለዚህ እሷ ትገባታለች።

አሁን ወደ ሽቦዎቹ። ሁለት ዓይነት ነው የምታገኘው። አንደኛው ስኔክ ነው፤ እንደ እባብ የተጠማዘዘ፣ ባለ ሁለት እግር። ሌላው ባለ አንድ እግሩ ነው። ቀለበት ዘንጉ ላይ የሚያዘው እግሩ ላይ ክር ተጠምጥሞ፣ ከላዩ ኢፖክሲ የሚባለው የሚደርቅ ሙጫ ተቀብቶ ነው። ባለ አንድ እግሩ የሚጠመጠመው ክር ግማሽ ነው፣ ኢፖክሲውም ያንሳል፣ ስለዚህ ይቀላል። ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔ ግን ተውኩት። ምክንያቴ ክረምቱ ነው። ጥር ላይ ሳውዝ ፕላት ወንዝ፣ ዴከርስ አካባቢ፣ ውሃው ከግድብ ስለሚለቀቅ አይረጋም፤ አየሩ ግን ከዜሮ በታች ነው። ላይኑ ይዞት የሚወጣው ውሃ ቀለበቱ ላይ ይረጋና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። አንድ ቀን ጣቴ ደንዝዞ፣ ትዕግስቴም አልቆ በረዶውን በግድ ፈነቀልኩት። ቀለበቱ ከእነ ክሩ ዞረ። ዘንጉን ውሃ ውስጥ ነከር አድርጎ ማሟሟት ስችል! ባለ ሁለት እግሩ ቢሆን ኖሮ ስንፍናዬን ይችለው ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀለበቶቹን የስፋት ቁጥርም በአንድ ከፍ አደረግኩ። ለ5 ዌይት ብዙዎች ጫፉ አካባቢ ቁጥር 1 ያደርጋሉ። እኔ ከታች አንድ ቁጥር 4፣ ሁለት ቁጥር 3፣ የቀሩትን ስድስት ቁጥር 2 አደርጋለሁ። ስትሪፒንጓ ቁጥር 12 ናት። በጠቅላላው አሥር ቀለበት፣ የዘንጉ ጫፍ ላይ የምትሰካዋ ሳትቆጠር። በዘንጉ ጫማ ልክ፣ ሲደመር አንድ ብለህ ያዘው። ሰፋ ማለቱ ባሌ ላይም አይጎዳህም፤ ላይንና ሊደር (ጫፉ ላይ የሚታሰረው ቀጭን ገመድ) የሚገናኙበት ቋጠሮ ሳይነካካ ያልፍልሃል።

"ስንት" ከሚለው ይልቅ "የት" የሚለው ላይ ጊዜህን አጥፋ። ስትሪፒንጓ ከእጀታው የታችኛ ጫፍ ከ28 እስከ 30 ኢንች አካባቢ ትሆናለች፤ ግን ዘንጉን ይዘህ በሌላኛው እጅህ ሳትንጠራራ የምትደርስባት መሆኗን እይ። ከጫፉ እስከ መጀመሪያው ቀለበት 4 ከግማሽ ወይም 5 ኢንች ስጥ፤ ከዚያ ወደ ታች እያሰፋህ ና። ክር ከመጠምጠምህ በፊት ሁሉንም በቀለም ቀቢ ቴፕ ለጥፋቸው። ላይኑን አሳልፈህ የበር እጀታ ላይ እሰረውና ዘንጉን በደንብ አጉብጠው። በጎን ቆመህ ተመልከት። ላይኑ በቀለበቶቹ መካከል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ዘንጉ ይጎብጣል። የሁለቱ ርቀት አንድ ቦታ ላይ ጎልቶ ከሰፋብህ እዚያ ጋ ቀለበቶቹ ተራርቀዋል። ቴፑን ላጥ፣ ግማሽ ኢንች ገፋ፣ እንደገና እይ። እኔ አንዳንዴ አንድ ምሽት ሙሉ ይፈጅብኛል፤ ባለቤቴም "ዛሬም በሩን አሰርከው?" ትለኛለች።

ሌላው የሚዘለል ነገር የቀለበቱ እግር ነው። አዲሱን ቀለበት የእግሩን ጫፍ በጥፍርህ ሞክረው። ብዙ ጊዜ ጥፍርህን ይይዘዋል፤ ደረጃ አለው ማለት ነው። ክሩ እየተጠመጠመ ሲመጣ እዚያ ደረጃ ላይ ክፍተት ይተዋል፣ ኢፖክሲውም በኋላ እዚያው ጋ ይሰነጠቃል። ትንሽ ሞረድ ውሰድና ከላይ በኩል እያሳሳህ እንደ ቢላ ጫፍ አድርገው። ጥፍርህ ሳይደናቀፍ ሲወጣ በቃ። ከሥር የቀረ ሹል ካለም አጥፋው፣ ብላንኩን ይጭረዋል። ክሩ ኤ የሚባለው ቀጭኑ ይበቃል። ጠምጥመህ ስትጨርስ፣ ኢፖክሲ ሳትቀባ፣ በአንድ ዓይንህ ከታች ወደ ላይ አነጣጥረህ የተጣመመውን በአውራ ጣትህ ገፋ እያደረግህ አሰልፈው።

የጫፏን ቀለበት በኢፖክሲ እንዳትለጥፋት። ሙቀት በሚያቀልጠው ሙጫ አጣብቃት። ከተሰበረች በላይተር ለስለስ አድርገህ ትነቅላታለህ። ወደ ባሌ ስትሄድ በዚያው ቁጥር አንድ ትርፍ የጫፍ ቀለበትና አንድ ስንጥር ሙጫ ሻንጣህ ውስጥ ጣል አድርግ። ዳንካ ወንዝ ዳር ብትሰበርብህ ዲንሾ ላይ ላይተር ታገኛለህ፤ ቀለበቷን ግን አታገኝም።